ሁለት ላይ የቀረው ማራገቢያ

የጣሪያ ማራገቢያ፣ በብዙዎች አፍ ቬንትሌተር የሚባለው፣ ከኮርኒስ ተንጠልጥሎ ክንፎቹን በማሽከርከር በክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚያስቸግርባቸው መንገዶች ከክንፎቹ ቁጥር እጅግ ይበልጣሉ። ጨርሶ አለመዞር አንዱ ነው፤ ኩሽኔታው አልቆ ሲጥ ሲጥ ማለት ሌላው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የቤተሰብን ሰላም የሚያናጋው ግን ማራገቢያው ደህና እየዞረ፣ በሪሞት የታዘዘውን የፍጥነት ለውጥ አልቀበልም ማለቱ ነው። የቆመ ማራገቢያ ተበላሽቷል ተብሎ ባለሙያ ይጠራለታል፤ እየዞረ የማይታዘዘው ግን ተበላሽቷል ለማለትም ደህና ነው ለማለትም ስለማይመች፣ እያንዳንዱ የቤቱ አባል የራሱን ምርመራ የማካሄድ መብት እንዳለው ይሰማዋል።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ክብደቱ ላይታይ ይችላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ነዋሪዋን ጋቢ ታስደርበዋለች እንጂ ማራገቢያ አታስገዛውም። ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ብላ በተቆረቆረችው በድሬዳዋ፣ ወይም ከእርሷም ይበልጥ ቆላ በሆኑት በጋምቤላና በሰመራ ግን፣ ማራገቢያው ከቤት ዕቃነት አልፎ የቀኑን ሥርዓት ከሚወስኑት አንዱ ነው። በድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ፀሐይ ከተማዋን የምትረከብበት ጊዜ ነው፤ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ሠፈሯ ከዚራ በዛፎቿ ጥላ ሥር ጸጥ ትላለች፣ በየቤቱም ፍራሽና መከዳ በግድግዳው ዙሪያ ተዘርግቶ፣ የጫት በርጫ የያዘውም ያልያዘውም ጋደም ብሎ ወደ ኮርኒሱ ያያል። ይህን ያህል ሕዝብ ይህን ያህል ሰዓት በጀርባው ተኝቶ አንድ ማሽን የሚመለከትበት አጋጣሚ ጥቂት ስለሆነ፣ የማራገቢያ ጥፋት ከተከሰተ ሳይታወቅ የማደር ዕድል የለውም።

በቅድሚያ የማራገቢያው ተግባር መጥራት አለበት፤ ብዙው ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ማራገቢያ ክፍልን አያቀዘቅዝም። የሚያደርገው በሰው ገላ ላይ አየር በማመላለስ ላብ ቶሎ እንዲተን መርዳት ሲሆን፣ ላብ ሲተን ከቆዳ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ሰውየው ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳው፣ ቴሌቪዥኑና ቁም ሣጥኑ ስለማያልባቸው ከነፋሱ የሚያገኙት ጥቅም የለም። እንዲያውም በከፍተኛ ፍጥነት ወደ 75 ዋት የሚወስደው የተለመደው ዓይነት የወሰደውን ኃይል ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ እንግዳ ከመድረሱ በፊት ክፍሉ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲጠብቅ በሚል በባዶ ቤት የሚከፈት ማራገቢያ በጥቂቱም ቢሆን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጥቅሙ በገላ ላይ ብቻ ከሆነ ዘንዳ፣ በአንድ ክፍል የተቀመጡ አምስት ገላዎች አምስት የተለያየ ፍጥነት መሻታቸው አይቀርም፤ ማራገቢያው ግን አንድ ነው።

ይህ ችግር ከማሽኑ ዕድሜ ይበልጣል። በሕንድ በኤሌክትሪክ ከመተካቱ በፊት ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሰፊ ጨርቅ በሰው እጅ በገመድ እየተሳበ ይወዛወዝ ስለነበር፣ ፍጥነቱን የሚወስነው የገመድ ሳቢው ትጋትና እንቅልፍ ነበር። በአሜሪካ የሃንተር ቤተሰብ በ1886 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ማራገቢያ በሚፈስ ውሃ ጉልበት፣ በቀበቶ አማካይነት የሚዞር ሲሆን፣ ትውልደ ጀርመናዊው ፊሊፕ ዲል በበኩሉ የስፌት መኪና የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ክንፍ ገጥሞ ከጣሪያ በመስቀል የፈጠራ መብት አገኘበት። ውሃና ቀበቶ የሚያዞረው ማራገቢያ ሥር የተቀመጠ ሰው ፍጥነት ልቀንስ ቢል ከወራጅ ውሃ ጋር መከራከር ስለሚኖርበት፣ ያ ዘመን ቢያንስ ከቤተሰብ አባል ጋር ከመከራከር ያሳረፈ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የዛሬው ማራገቢያ በአብዛኛው የሚዞረው ኢንዳክሽን ሞተር በሚባለው ነው፤ ይኸውም በቋሚ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ፈጥሮ፣ መስኩ ተሽከርካሪውን ክፍል እየጎተተ የሚያስኬድበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ለቤት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ 14 ዋልታ ባለው ሞተር ውስጥ መስኩ በደቂቃ 428 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ክንፎቹ ግን አየር መግፋት ስላለባቸው ሁልጊዜ ከመስኩ ኋላ ይቀራሉ። ከቆጣሪው የሚመጣው ነጠላ ፌዝ ብቻውን መስኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ስለማይችል፣ ካፓሲተር የሚባል፣ የኤሌክትሪክ ሙላት ለቅጽበት ይዞ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ ለሁለተኛው ጥቅል የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ በጊዜ ያዛንፈዋል፤ መጠኑም በብዙዎቹ 2.5 ማይክሮፋራድ ነው። ፍጥነት መቀነስ ማለት እንግዲህ የክንፎቹን ኋላ ቀርነት ማብዛት ማለት ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው ለሞተሩ የሚደርሰውን ቮልት በመቀነስ ነው።

ቮልቱን የሚቀንሰው በጥንቱ አሠራር በግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት ሬጉላተር ነው። የቀድሞው ትልቁ ሬጉላተር የተቀነሰውን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ስለሚያባክን ሲነካ ይሞቃል፤ አዲሱ ትንሹ ደግሞ ትራያክ በሚባል ኤሌክትሮኒክ በር አማካይነት እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከፊሉን እየቆረጠ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ ሪሞት መጣ። ነባሩን ማራገቢያ በሪሞት ለማዘዝ የሚሸጠው ዕቃ ሁለት አካል ያለው ሲሆን፣ አንዱ በእጅ የሚያዘው ሪሞት፣ ሁለተኛው በኮርኒሱ ሥር ባለው ክዳን ውስጥ የሚደበቀው ተቀባይ ነው፤ ቮልቱን ቆርጦ ለሞተሩ የሚሰጠውም ይህ የማይታየው ተቀባይ ነው። ሪሞቱ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ሥልጣን የማመልከቻ ያህል ነው፦ ይጠይቃል፣ ቁጥር ይጠቅሳል፣ ፊርማው ግን የእርሱ አይደለም። ማመልከቻው ተቀባይነት ባጣ ቁጥር ጥፋቱን ከብዕሩ የሚፈልግ ባለጉዳይ እምብዛም አይታይም፤ በማራገቢያ ላይ ግን ይኸው ምርመራ የተለመደ ነው።

የሪሞት ምርመራ በየቤቱ የየራሱ ወገኖች አሉት። አንደኛው ወገን ሪሞቱን በመዳፍ ላይ ደጋግሞ መምታት ይበቃል ይላል፤ የላላ የባትሪ ድንጋይ ከመነካኪያው ብረት ጋር በዚህ ሊገናኝ ስለሚችል፣ ወገኑ አልፎ አልፎ ድል ያገኛል፤ አልፎ አልፎ የተገኘው ድልም ለዓመታት ትምህርት ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ወገን ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ለጊዜው ስለሚያፋጥን ይህም መሠረተ ቢስ አይደለም፣ በተለይም ፀሐይ በማይጠፋበት በድሬዳዋ። ሦስተኛው ወገን ድንጋዩን ይነክሳል። ስለዚህ ወገን ሊባል የሚገባው የራዲዮ ዘመን ቅርስ መሆኑና፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ለአፍ የተሠራ አለመሆኑ ብቻ ነው። በአንዳንድ የማራገቢያ ሪሞት ውስጥ የሚገባው አጭሩና ባለ12 ቮልቱ ድንጋይ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ስምንት ትናንሽ ክብ ሕዋሳት በአንድ ቆርቆሮ ተደርድረው የታሸጉበት በመሆኑ፣ ነካሹ በአንድ ጊዜ ስምንት መንከሱን ልብ ሊል ይገባል።

ከዚህ የተሻለ ፍተሻ አለ። ሪሞቶች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዐይን የማይታይ ብርሃን የሚልክ ሲሆን፣ ብርሃን በመሆኑ በጋቢ ሥር ሆነው ቢጫኑት አይሠራም፤ ሁለተኛው በራዲዮ ሞገድ፣ ብዙ ጊዜ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚልክ ሲሆን፣ ይህ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓይነት ሲጫን በስልክ ካሜራ፣ በተለይም በፊት ለፊቱ፣ ቢታይ በጫፉ ላይ የሚርገበገብ ፍንጣቂ ይታያል፤ የሁለተኛው ዓይነት ግን በካሜራ ምንም ስለማይታይበት፣ በዚህ ፍተሻ ብቻ ተኮንኖ የተጣለ ንጹሕ ሪሞት ብዙ መሆን አለበት። በራዲዮ የሚሠራውን ሪሞት ክንዱን ወደ ኮርኒሱ ዘርግቶ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የሚዞረውን መሃል አነጣጥሮ የሚጫን ሰው ጥረቱ ከንቱ ቢሆንም ጉዳት አያመጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከላይ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ብዙዎቹ ተቀባዮች ትእዛዝ ሲደርሳቸው አንድ ጊዜ “ጢጥ” ይላሉ። ጢጥ ካለና ፍጥነቱ ካልተለወጠ ሪሞቱ ነጻ ነው፤ ማመልከቻው ደርሷል፣ ነገሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ለመረዳት ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳውም ሥር ወደ ተቀመጡት የቤቱ አያት መመልከት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ስለ ነፋስ ያለው አስተያየት ከሙቀት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ አየር በተለይ ላብ ያለውን ሰው “ይመታል” ተብሎ ስለሚታመን፣ በሚያቃጥል ቀን እንኳ የታክሲ መስኮት ከተከፈተ ከኋላ ወንበር ተቃውሞ ይሰማል። አያት ይህን እምነት በሙሉ ሥልጣን ይዘው ስለሚኖሩ፣ ማራገቢያው በተገዛ ሰሞን ሬጉላተሩን ሁለት ቁጥር ላይ አድርገው፣ “ልጆቼን ብርድ እንዳይመታብኝ” ብለው ደምድመዋል፤ ከሁለት በላይ ያለው ቁጥር ለእርሳቸው በዕቃው ላይ ለጌጥ የተጻፈ ነው። ሪሞቱ በመጣ ጊዜ ሬጉላተሩ ከግድግዳው መነሣት ነበረበት። አልተነሣም። የተከለው ባለሙያ ካቻቢቴና ናስትሮ በእጁ ይዞ ቢነቀል ቀዳዳው ይታያል ያለ ሲሆን፣ የቤቱም ሰዎች ቀለም ከመቀባት ሬጉላተሩን ማኖር መርጠዋል።

ጥፋቱ ያለው እንግዲህ በዚህ ነው። ሬጉላተሩና ተቀባዩ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ሲታሰሩ፣ ለተቀባዩ የሚደርሰው በሬጉላተሩ ተቆርጦ የተረፈው ኤሌክትሪክ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የተሠራው ሙሉና ያልተቆረጠ ሞገድ እንዲደርሰው ታስቦ ነው። ሪሞቱ አምስት ቢልም ሁለት ሆኖ ከመጣ ቮልት አምስት ማውጣት አይቻልም፤ ያ ብቻ ሳይሆን፣ የተቆረጠውን ሞገድ ዳግመኛ የሚቆርጠው ተቀባይ ግራ ስለሚጋባ፣ ማራገቢያው ሊያጉረመርም፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ወይም በየቁጥሩ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ሊዞር ይችላል። ወጣቶቹ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያሉ ሲጫኑ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ሲመልስላቸው፣ “አቦ ይሄ ሪሞት ቻይና ነው” እየተባለ ሲወገዝ፣ ወሳኙ ቁጥር ግን ከእነርሱ ራስ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ግድግዳው ላይ ተቀምጧል። ሬጉላተሩ ሙሉ ቁጥር ላይ ሲደረግ ነገሩ ወዲያው የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አስተማማኙ መፍትሔ ግን ሬጉላተሩን ነቅሎ በቦታው ተራ ማብሪያና ማጥፊያ መተካት ነው። በባለገመድ ማራገቢያ ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር በሚንጠለጠል ትንሽ ሰንሰለት ፍጥነቱ በሚለወጠው ዓይነት ላይ፣ ተመሳሳዩ ጥፋት በሰንሰለቱ ይመጣል፤ በሪሞት እንዲሠራ ሰንሰለቱ ከፍተኛው ላይ ተትቶ መረሳት አለበት።

ሬጉላተር በሌለበት ቤት ምርመራው በምልክቱ ይለያል። በቀስታ ብቻ የሚዞርና በእጅ ካልተገፋ የማይነሣ ማራገቢያ በአብዛኛው ካፓሲተሩ የደከመበት ነው፤ ካፓሲተር ከዕድሜና ከሙቀት የተነሣ አቅሙን እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ሆዱ ነፍቶ ራሱን ያጋልጣል። የሚተካው በተጻፈበት መጠን ብቻ ነው፤ ከ2.5 ይልቅ 4 ቢገባ ይበረታል በሚል የሚደረገው ለጋስነት ፍጥነት በጥቂቱ ሊጨምር ቢችልም ጥቅሉን እያሞቀ ሞተሩን ወደ ማቃጠል ያደርሳል። በተቃራኒው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት የሚዞርና አንድ ቁጥር ቢባልም አምስት የሚሄድ ከሆነ፣ በተቀባዩ ውስጥ ያለው ትራያክ ተቃጥሎ በሩ ተከፍቶ የቀረ ይሆናል። ማታ ማታ ብቻ የሚደክመው ማራገቢያ ደግሞ ራሱ ጤነኛ ሆኖ፣ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣድ ስለሚጥድ ቮልቱ የወረደበት ሊሆን ይችላል። ክዳኑ የሚከፈተው በሪሞት አጥፍቶ ሳይሆን ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማጥፊያ አውርዶ ነው፤ ሪሞት ያጠፋው ተቀባይ ኤሌክትሪክ እንደያዘ አንድ ጢጥ ይጠብቃልና።

ማራገቢያው ሳይታዘዝ የሚለወጥበት፣ በታዘዘም ጊዜ ተለውጦ ወዲያው የሚመለስበት ሁኔታም አለ፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን ጉርብትና ነው። በብዙ ርካሽ የራዲዮ ሪሞቶች ውስጥ ቤትን ከቤት የሚለየው ቁልፍ አራት ጥቃቅን ማብሪያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚሆኑ የሚገኘው ልዩነት 16 ብቻ ነው፤ በአንድ ሕንፃ ላይ 17 ቤቶች ይህንኑ ዕቃ ከገዙ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቁጥር መገናኘታቸው ግድ ይሆናል። ብዙው ሰው ከፋብሪካ እንደመጣ ስለሚተወው ደግሞ 17 እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ነገር የሪሞት ታሪክ እኩያ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ዩጂን ፖሊ ለቴሌቪዥን የሠራው በብርሃን ጨረር የሚያዝ ገመድ አልባ መሣሪያ፣ የፀሐይ ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያርፍ እንደ ትእዛዝ ሊቆጠር ይችል ነበር። በሪሞቱ ውስጥ ያሉት ማብሪያዎች ሲለወጡ በተቀባዩ ውስጥ ያሉትም በዚያው ልክ መለወጥ አለባቸው፤ ለዚህ መሰላል ስለሚያስፈልግ ግን በተግባር የሚለወጠው ሪሞቱ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜም ጎረቤት ማዘዙን ይቀጥላል፣ ባለቤት ያቆማል።

አዲሶቹ በቋሚ ማግኔት የሚዞሩት፣ ወደ 30 ዋት ብቻ የሚወስዱት ማራገቢያዎች ይህን ሁሉ አልፈውታል፤ ፍጥነታቸውን የሚወስነው በውስጣቸው ያለ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ስለሆነ ሬጉላተር ጨርሶ አይፈልጉም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሪሞታቸውን የሚረሱ አሉ፤ ያን ጊዜ ማራገቢያው ጠፍቶ እንደበራ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሳያልፉ፣ በመመሪያው የተነገረውን ቁልፍ ይዞ በመቆየት እንደገና ይተዋወቃሉ። በብዙዎቹ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ቁልፍ አለ፤ እርሱም የክንፎቹን የመዞሪያ አቅጣጫ የሚገለብጠው ሲሆን፣ የታሰበው ክረምት ለሚበረታባቸው አገሮች፣ ከኮርኒሱ ሥር የተጠራቀመውን ሙቅ አየር በግድግዳ በኩል ቀስ አድርጎ ለማውረድ ነው። በድሬዳዋ ይህን የሚያስፈልገው ቀን ማግኘት ቢያስቸግርም ቁልፉ ለሌላ አገልግሎት ውሏል፦ አቅጣጫው ሲገለበጥ ክንፎቹ በአምስት ቁጥር እየዞሩ አየሩን ወደ ላይ ስለሚስቡት፣ ወጣቶቹ አምስትን በዐይናቸው ያያሉ፣ አያትም አናታቸው ላይ የሚወርድ ነፋስ የለም ብለው ይስማማሉ። ወደ ላይ የተሳበው አየር ግን መውረዱ ስለማይቀርና የሚወርደው በግድግዳው በኩል፣ ፍራሹና መከዳው በተዘረጋበት ስለሆነ፣ አያት ትራሳቸውን ይዘው ከግድግዳው ተነሥተው በክፍሉ መሃል፣ ልክ ከማራገቢያው ሥር ይቀመጣሉ፤ ቡናም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈላው እዚያ ነው።